ስድቡ የወረደው እሱ ላይ ነው፤ እናንተስ?

የሥራውን ዓለም ገና ለተቀላቀላችሁ ልጆቼ፣

አለቃ ሲበድላችሁ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚመክር ሞልቷል። እኔ ላወራችሁ የፈለግኩት በደሉ እናንተን ትቶ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሲያገኘው ስለሚሆነው ነው። ስብሰባ ላይ አንዱ ባልደረባችሁ ይመናጨቃል። ሁሉም ወረቀቱ ላይ ያቀረቅራል። አጀንዳው ይቀጥላል። እናንተን ማንም አልነካችሁም። ከሰዓት በኋላ ግን አንዱን ኢሜይል ሦስቴ ታነባላችሁ፤ ምንም አይገባችሁም።

ይህ ሆደ ባሻነት አይደለም። ክርስቲን ፖራት እና አሚር ኤሬዝ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ላይ ተሳታፊዎቹ ሌላ ሰው ሲመናጨቅ ከማየት በቀር ምንም አልደረሰባቸውም። ከዚያ የተዘበራረቁ ፊደላትን አስተካክለው ቃል እንዲሠሩ፣ አንድ ጡብ ለምን ለምን እንደሚያገለግል እንዲያስቡ ተጠየቁ። ያዩት ካላዩት ያነሰ ሠሩ። ሰው የመርዳት ፍላጎታቸውም ቀነሰ። አይገርምም። ጭንቅላታችን አንድ ነው፤ ግማሹ «ነግ በእኔ» እያለ ሲሰጋ ለሥራው የሚተርፈው ግማሹ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የሥራው መጓደል አይደለም። ሥራ ይካካሳል። የሚያሳስበኝ ከጊዜ በኋላ የሚመጣው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለተበደለው ታዝናላችሁ። የምታደርጉለት ነገር ግን ያለ አይመስላችሁም። በየሳምንቱ እያዘኑ ሥራ መግባት ደግሞ ይከብዳል። ስለዚህ ሳታውቁት ምክንያት ፍለጋ ትጀምራላችሁ። «እሱም እኮ ያበዛዋል።» «እሷስ ብትሆን አፏ መቼ ያርፋል?» በሠራሁባቸው ቢሮዎች ሁሉ ይህን ሰምቻለሁ፤ የሚሉት ደግሞ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ጥፋቱ የተሰዳቢው ከሆነ፣ እኔ እስካላጠፋሁ ድረስ አይደርስብኝም ማለት ነው። ልብ እንዲህ ብሎ ያርፋል።

ሜልቪን ለርነር እና ካሮሊን ሲመንስ እ.ኤ.አ. በ1966 ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል። ተመልካቾቹ አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ንዝረት ስትሰቃይ ያዩ መሰላቸው (ነገሩ ትወና ነበር)። ስቃይዋ እንደሚቀጥል የተነገራቸውና ሊያስቆሙት ያልቻሉት፣ ሴትየዋን ራሷን ዝቅ አድርገው ገመገሟት። እናንተም ሁልጊዜ የሚሰደበውን ባልደረባችሁን ድንገት መጥላት ከጀመራችሁ፣ «ለመሆኑ እኔን ምን አድርጎኛል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም» ነው።

ተነስታችሁ አለቃውን ተጋፈጡ አልላችሁም። የቤት ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ግን ከዝምታ ውጭ ያለው ሁሉ ጀግንነት የሚጠይቅ አይደለም። ጉዳዩን የምታውቁት ከሆነ «ሪፖርቱ የዘገየው ቁጥሮቹ እኛ ዘንድ ስለቆዩ ነው» ማለት ይቻላል። ይህ ክርክር ሳይሆን መረጃ ነው፤ ስንት ቁጣ ሲያበርድ ታዝቤአለሁ። ስድቡ በቀልድ ተጠቅልሎ ሲመጣ ደግሞ አለመሳቅ አለ። ቀላል ይመስላል አይደል? ሁሉም በሚስቅበት ክፍል ውስጥ ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን በዚያው ቀን ሰውዬው ጋ ሂዱ። «አይቻለሁ፤ ልክ አልነበረም» ካላችሁት ይበቃል። «ተወው፣ ፀባዩ ነው» አትበሉ። ምክርም አትጨምሩ። ሰው ፊት የተዋረደ ሰው፣ ዝም ያሉት ሁሉ የተስማሙበት ይመስለዋል። እንዳልተስማማችሁ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል?

ማታ ቤት ስትገቡ ጻፉት። ቀኑን፣ ማን ማን እንደነበረ፣ የተባለውን ቃል በቃል። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ግን አይሁን። የተበደለው ሰው ንዴት ላይ ስለሆነ ዝርዝሩ ይጠፋበታል፤ ነገሩ አቤቱታ ላይ ሲደርስ «ብሏል»፣ «አላልኩም» ሆኖ ይቀራል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በሥራ ቦታ ጥቃትንና ትንኮሳን ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190፣ ከበቀል ሊጠበቁ ይገባል ከሚላቸው መካከል ምስክሮችንም ለይቶ ይጠቅሳል። የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁንም መተዳደሪያ ደንብ ነገር ሳይነሳ በፊት አንብቡት። ምስክርነት ከተጠየቃችሁ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፤ በወሬ የሰማችሁትን ተዉት።

አንዳንድ ቦታ ይህ ሁሉ ተደርጎም ወይ ፍንክች ይላል። ያኔ ተራችሁ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ሌላ ሥራ ፈልጉ። እንዲህ ካለ ቦታ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ሲለቁ አይቻለሁ፤ እነሱ ራሳቸው አንድም ቀን ሳይሰደቡ። መልቀቂያ ደብዳቤያቸው ላይ ግን «የተሻለ ደመወዝ» ይላል። መሥሪያ ቤቱም ያንን አምኖ ደመወዝ ያስተካክላል፤ ሰዉ ግን መልቀቁን አያቆምም። እናንተ ስትለቁ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ከተቀበላችሁ በኋላም ቢሆን፣ እውነተኛውን ምክንያት ለሰው ኃይል ክፍሉ ንገሩ።