ሎዶቅያና ለብ ያለው ውሃ

ወንድሜ፣ ጌታ በራእይ 3 የሎዶቅያን ቤተ ክርስቲያን ሰዎች «በራድ ወይም ትኩስ ብትሆን» መልካም ነበር ሲል ከለብታ ክህደት ይሻላል ማለቱ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ እንደዛ አይመስለኝም። እስቲ ቦታውን እየው። ሎዶቅያ በዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ናት። በአንድ በኩል ኢያራ፣ ዛሬ ፓሙካሌ የሚባለው፣ ሰው ለፈውስ የሚታጠብበት ፍል ውሃ አላት፤ በሌላ በኩል ቆላስይስ ቀዝቃዛ ውሃ ነበራት። የሎዶቅያ ውሃ ግን ከርቀት በቧንቧ ነበር የሚመጣው፤ የድንጋይ ቧንቧዎቹ ዛሬም ፍርስራሹ ውስጥ አሉ፣ ውስጣቸው ኖራ በመሰለ ዝቃጭ ጠቧል። ትኩሱ ያሽላል፣ ቀዝቃዛው ጥም ይቆርጣል፤ ለብ ያለው ለምንም አይሆንም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። የሮም ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደጻፈው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ60 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ የሮምን እርዳታ ሳትቀበል በራሷ አቅም ተነሳች። «አንዳች አያስፈልገኝም» የሚለው መንፈስ ቤተ ክርስቲያኑም ውስጥ ነበር። እኛም ሕንፃው አልቆ፣ ድምፅ ማጉያው አዲስ ሆኖ፣ የጸሎት ቀን አምስት ሰው ብቻ ሲቀመጥ ያው ነን። «በደጅ ቆሜ አንኳኳለሁ» የተባለውም እኮ ለማያምን ሰው አይደለም፣ ለዚችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጌታ ውጭ ቀርቶ ነበር፤ ራእይ 3ን በዚህ ዓይን ደግመህ አንብበው።