ጥያቄና መልስ፦ የድረ ገጻችንን ስም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይምረጥልን?

ጥያቄ፦ እኔና እናቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመማ ቅመም እያዘጋጀን የምንሸጥ የባልትና ነጋዴዎች ነን። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ደንበኞቻችን እየበዙ ስለ መጡ ድረ ገጽ ለመክፈት አስበን፣ ስም እንዲያወጣልን አንድ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ ጠየቅሁት። ወዲያው 20 ስሞች ደርድሮ ሁሉም በዶት ኮም ያልተያዙ መሆናቸውን ነገረኝ። አንዱን መርጬ በርበሬው ላስቲክ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ካሳተምሁ በኋላ ስሙን ልገዛ ስል ከዓመታት በፊት የተያዘ ሆኖ አገኘሁት። ከስሞቹ ሌላው ደግሞ በአማርኛ «የእናት እጅ» ማለት ነው ያለኝ ሲሆን፣ ቃሉን እናቴም እኔም ሰምተነው አናውቅም። ይህን መተግበሪያ ማመን ይገባል? ስምስ እንዴት ብንመርጥ ይሻላል?
ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በወረቀቱ ላይ የወጣው ገንዘባችሁ አሳዝኖኛል፤ ስለዚህ ከዚያው ልጀምር። መተግበሪያው «ያልተያዘ ነው» ያለዎት መዝገብ አይቶ አይደለም። እንዲህ ያሉ መተግበሪያዎች ከብዙ ጽሑፍ የተማሩ ናቸው፤ ሥራቸውም ከተጻፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ መልስ ማዋቀር ነው። ያልተያዘ ስም ሲጠይቁት እንዲህ ላለ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ምን እንደሚመስል ስለሚያውቅ ያንኑ አሳምሮ ይጽፍልዎታል። የዶት ኮም ስሞች መዝገብ ግን ቬሪሳይን በሚባል ኩባንያ የሚያዝ፣ ቀኑን ሙሉ ሲለዋወጥ የሚውል ነገር ነው። ኢንተርኔት ገብተው መፈለግ የሚችሉት መተግበሪያዎችም ቢሆኑ አንዳንድ ጊዜ ድረ ገጹ አልከፈት ሲላቸው ስሙ ባለቤት የለውም ብለው ይደመድማሉ። ስም ገዝቶ ምንም ሳይሠሩበት ማስቀመጥ የተለመደ ስለሆነ፣ ይህ የተዘጋ ሱቅ ሁሉ ባለቤት የለውም እንደ ማለት ነው።

ስለዚህ ማረጋገጫው ከሁለት ቦታ ይገኛል፤ አንድም ስሞችን ከሚሸጡ መዝጋቢ ድርጅቶች መፈለጊያ፣ አንድም የስሞችን አሠራር በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን ካዘጋጀው መፈለጊያ ነው። ያልተያዘ መሆኑን ባዩበት ቀን ይግዙት፤ ማኅተም፣ ታፔላና የላስቲክ ወረቀት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ የእኛ ስሞች ትልቁ ችግር መያዝ አለመያዛቸው ብቻ አይመስለኝም። አንድ ደንበኛ ስማችሁን በስልክ ሰምቶ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፈው እናንተ እንደ ጻፋችሁት ይጽፈዋል ወይ? ባለፈው ሳምንት አራዳ ካለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራ ይጠብቁ ለነበሩ አምስት ሰዎች ሁለት ስሞች በቃል ነግሬ እንዲጽፉልኝ ለመንኋቸው። የደሴ ተራራችንን ስም «ጦሳ»ን ሁለቱ በአንድ ኤስ፣ ሁለቱ በሁለት ኤስ ጻፉት፤ ጡረታ የወጡ መምህር መሆናቸውን የነገሩኝ አባት ደግሞ ከቲ ቀጥሎ ኤች ጨመሩበት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ጦ ጠንከር ይላል፤ በባዶ ቲ አይሆንም» አሉኝ። «ማጀት»ን ግን አምስቱም አንድ ዓይነት ጻፉት። ተራራችንን ብወደውም፣ ለድረ ገጽ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ያ ብጣሽ ወረቀት አሳይቶኛል።

የእንግሊዝኛ ፊደል ለጠ፣ ለጨ፣ ለጰ፣ ለጸና ለቀ ድምፅ የራሱ ምልክት ስለሌለው እያንዳንዱ ሰው በመሰለው ይጽፋቸዋል። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅም እንደዚያው ነው። ሳድስ ፊደል ያለበት ቃልም ያስቸግራል፤ «ባልትና» የሚለውን ራሱን ከቲ በኋላ አናባቢ ሳያስገባ የሚጽፍ አለ፣ አይ የሚያስገባ አለ፣ ኢ የሚያስገባም አለ። መተግበሪያው በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ሊጻፍባቸው የሚችሉትን መንገዶች ሳይሰለች ይዘረዝራል። እንዲህ ብለው ቢጠይቁት ይሻላል፦ «የደሴ ባልትና ነጋዴ ነኝ። ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እና ቀ የሌለባቸው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ከ10 ፊደል የማይበልጡ 15 የአማርኛ ቃላት ስጠኝ። እያንዳንዱን ሰዎች በስንት መንገድ ሊጽፉት እንደሚችሉ ዘርዝር። ትርጉሙን እርግጠኛ ያልሆንህበትን ቃል አታስገባ፤ ተይዟል ወይም አልተያዘም አትበለኝ።» ደንቡ ከነጥቡ በፊት እስከ 63 ፊደል ቢፈቅድም፣ የላስቲክ ወረቀትና የደንበኛ ትዕግሥት ያንን ያህል አይችሉም።

ይህን ሁሉ ብለውትም የፈጠራ ቃል ሊያስገባ ይችላል። እናትዎ የማያውቁትን የአማርኛ ቃል ያለ ማመንታት ይሰርዙት፤ በባልትና ቃላት ከእሳቸው የሚበልጥ መዝገብ መተግበሪያው የለውም። የቀሩትን ሦስት አራት ስሞች ደግሞ ኦሮምኛ ለሚያውቅ ዘመድ ወይም ጎረቤት ያሰሙ። የእኛ ገበያ ከባቲና ከከሚሴ የሚመጣ ሰው ያለበት ስለሆነ፣ በአንዱ ቋንቋ የሚያምረው በሌላው የሚያሳፍር እንዳይሆን መጠንቀቅ ተገቢ ነው። ወሎን የሚያስታውስ ስም ሲጠየቅ ቦርከና ቶሎ ይመጣል፤ ይህ ስም ከዶት ኮም ጋር የአንድ የታወቀ የኢትዮጵያ ዜና ድረ ገጽ ስለሆነ ይለፉት።

በራሳችን ፊደል ስለ መጻፍም የሚጠይቁ አሉ። በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ለኮምፒውተሮቹ በኤክስ፣ ኤንና ሁለት ሰረዝ ወደሚጀምር የእንግሊዝኛ ፊደል ስብስብ ተለውጦ ይሠራል። ነገሩ ደስ ቢያሰኝም «ፀሐይ»ን ብቻ ብንወስድ በፀ ወይም በጸ፣ ከዚያም በሀ፣ በሐ ወይም በኀ ሲጻፍ ስድስት ይሆናል፤ ለእኛ አንድ ቃል ሲሆን ለመዝገቡ ግን ስድስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የግዕዙን ስም ተጨማሪ እንጂ ብቸኛ አድራሻ እንድታደርጉት አልመክርም።

ስሙን ገዛችሁ ማለት የንግድ ምልክቱን አገኛችሁ ማለት አይደለም። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚመዘገብ ስለሆነ፣ የመረጣችሁት ስም ከሌላ ነጋዴ ምልክት ጋር እንዳይመሳሰል ቀድማችሁ አጣሩ። በዶላር መክፈል ካስቸገረ ኢትዮ ቴሌኮም የሚያስተዳድረው ዶት ኢቲም አለ። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከገዛላችሁ ግን የተመዝጋቢው ስምና ኢሜይል የእናንተው ይሁን። መዝጋቢው የሚልከውን የኢሜይል ማረጋገጫ በ15 ቀን ውስጥ ካልመለሳችሁ ስሙ ሊታገድ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የብረታ ብረት ሥራ ወርክሾፕ አለኝ። የምፈልገው የዶት ኮም ስም ተይዟል። መተግበሪያው ግን ውሉ በሚቀጥለው ወር ስለሚያበቃ ያን ዕለት ልገዛው እንደምችል ነገረኝ። ልጠብቅ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ቀኑን በአይካን መፈለጊያ ያረጋግጡ፤ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ያን ዕለት አያገኙትም። ዘመኑ ካለፈ በኋላ መዝጋቢው እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል፤ ሲሰርዘው ደግሞ ባለቤቱ ተጨማሪ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፤ በመጨረሻም 5 ቀን ተጠብቆ ነው ስሙ ለገበያ የሚለቀቀው። ያን ጊዜም በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሻሙ ገዢዎች ይቀድሙዎታል። የወርክሾፕዎ ሥራ በዚህ እንዳይጓተት፣ እዚያው ስም ላይ «ኮምቦልቻ» ወይም «ብረት» የሚል ጨምረው ያልተያዘውን ዛሬውኑ ቢይዙ ይሻላል። «ኮምቦልቻ»ን ሰዎች በኬም በሲም ሊጀምሩት ስለሚችሉ ሁለቱንም ይያዟቸው።