የትኛውን ቅጂ አያችሁ? ስለ ምናባዊና ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። የምንነጋገረው ምስላቸው አፍ ስላስከፈተን ምናባዊና ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞች ነው፤ ታሪካቸውስ የዚያኑ ያህል ነው ወይ? ሥራዬ ፊልም ማቀናበር ስለሆነ ነገሩን የማየው ከመቁረጥና ከመቀጠል በኩል ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ እለምናለሁ። አንድ ፊልም እንደገና ተቀናብሮ ሊወጣ ይችላልና ያያችሁት ቅጂ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። «ታሪኩ ደካማ ነው» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ትዕይንት ጥቀሱ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የማታ ተረኛ፦ ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። አቫታርን ሰው ሁሉ «ምስሉ ድንቅ፣ ታሪኩ ባዶ» ይለዋል። እርስዎም እንደዚያ ይላሉ?

መልስ፦ «ባዶ» አልልም። እንዲያ የሚባልበት ምክንያት ግን ይገባኛል። በ2009 የወጣው ይህ ፊልም ለ9 ኦስካር ታጭቶ 3 ሲወስድ፣ ሦስቱም ለዓይን የተሰጡ ነበሩ፦ ለቀረጻ፣ ለትዕይንት ንድፍና ለቪዥዋል ኢፌክት (በብልሃት ለተፈጠረ ምስል)። ለድርሰት አልታጨም። ይሁንና ዋናው ገጸ ባሕርይ ጄክ አዲሱን አካል ለመጀመሪያ ጊዜ ለብሶ ከክፍሉ ሮጦ የሚወጣበትን ትዕይንት አስታውስ። እግሮቹ የማይታዘዙለት ሰው የእግሩን ጣቶች አፈር ውስጥ ይቀብራል። እዚያ ላይ ኢፌክቱ ራሱ ታሪኩ ነው። ይህ ወታደር በኋላ ለምን ከወገኖቹ እንደሚለይ ከዚያች አፈር የበለጠ የሚያስረዳ ንግግር በፊልሙ ውስጥ የለም።

የምወቅሰው ሌላ ቦታ ነው። ጄክ የመጀመሪያውን የሚበር አውሬ ሲገራ በዝርዝር አሳይተውናል። የዚያች ዓለም ሕዝብ ሁሉ በሚፈራው በታላቁ የሚበር አውሬ በቶሩክ ጀርባ ላይ ሲዘል ግን ትዕይንቱ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ የምናየው ገርቶት ሲመጣ ነው። ሕዝቡ የተቀበለው በዚያ ሥራ ነው፤ ሥራው ምን እንዳስከፈለው ግን እኛ አላየንም። ይህን ያህል ምስል መሥራት የሚችል ሰው ከሁሉ የሚያስፈልገውን ምስል ተወው። ለእኔ ድክመቱ ይህ ነው። «ታሪኩ የታወቀ ነው» የሚለው ክስ አያሳስበኝም።

ከሐዋሳ፦ የምንጊዜም ምርጥ 10 ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞችን ይዘርዝሩልን።

መልስ፦ ደረጃ አላወጣም።

ብርሃንና ጥላ፦ እኔ አስቀድሜ «ፊልም በአጭሩ» የሚተርኩትን እሰማለሁ። ታሪኩ ከሳበኝ ፊልሙን አያለሁ፤ ካልሳበኝ እተወዋለሁ። ጥሩ መለኪያ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ይህን ልማድ ተወው። ተራኪው የሚነግርህ ማን ምን እንዳደረገ ነው። የፊልም ታሪክ ግን ምስሉ ሲወጣ የሚቀረው ነገር አይደለም። «2001» የተባለውን የዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክን ፊልም እንውሰድ። ፊልሙ የወጣው በ1968 ነው። ሁለቱ ጠፈርተኞች ኮምፒውተሩ ሃል እንዳይሰማቸው ትንሿ መንኮራኩር ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው ይመክራሉ፤ ብልሽት ካለበት እናጠፋዋለን ይላሉ። ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ካሜራው በመስኮቱ በኩል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ይመላለሳል። በዚያች ቅጽበት እኛ አወቅን፣ እነሱ ግን አላወቁም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሞት ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ተራኪህ «ሃል ከንፈራቸውን አነበበ» ብሎ ያልፋል። ትዕይንቱ ሄደ። በዚህ ፊልም የመጀመሪያው ቃል እስኪሰማ 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚያ ሁሉ ጊዜ ተራኪህ ምን ሊልህ ይችላል? ኩብሪክ በሕይወቱ ያገኘው ብቸኛ ኦስካርም በዚሁ ፊልም ለኢፌክት የተሰጠው ነው፤ በእሱ እጅ ኢፌክቱና ተረኩ አይለያዩም።

መለኪያ ከፈለግህ ይህን ያዝ፦ ይህ ምስል ባይኖር ኖሮ የሰውየው ውሳኔ፣ ወይም እኔ ስለ እሱ የማውቀው ነገር ይለወጥ ነበር? መልሱ «አይለወጥም» ከሆነ ምስሉ ጌጥ ነው። ጌጥ ኃጢአት አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጌጥ ብቻ ማየት ግን ይሰለቻል።

ከሲያትል፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝ እንጂ በአጭሩ የሚተርኩትን በጅምላ ባይኮንኗቸው ደስ ይለኛል። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። እነዚህን ፊልሞች የምታገኛቸው በእነሱ በኩል ነው።

የማታ ተረኛ፦ ትርጉም ፊልም አለላቸው እኮ። ያውም በአማርኛ ድምፅ።

ብርሃንና ጥላ፦ ትርጉሙ ይብሳል! ተዋናዩ ዝም ባለበት ቦታ ሁሉ ንግግር ይጨምሩበታል። ፊልሙ ውስጥ የሌለ ቀልድ የሰማሁበት ጊዜ አለ።

የማታ ተረኛ፦ ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። በጥንቃቄ የሚሠሩ አሉ።

ከሲያትል፦ እናቴ ዝምታውን አልፈለገችም፤ የፈለገችው መጨረሻውን ማወቅ ነው።

መልስ፦ ስለ ትርጉም ሌላ ቀን እንነጋገር፤ ሰፊ ነገር ነው። ስለ እናትሽ የጻፍሽውን ግን እቀበላለሁ። እኔ የተናገርሁት ማየት እየቻለ ላላየ ሰው ነው። ዝምታ ላይ ድምፅ መደረብን ካነሳችሁ ግን ይህን ጥፋት ፊልሙን ያመረቱት ሰዎች ራሳቸው የሠሩበት ጊዜ አለ።

ከሲያትል፦ ብሌድ ራነርን ማለትዎ ከሆነ፣ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ተራኪ ድምፅ ያለበትን የ1982ቱን ነው። ወድጄዋለሁ። ያለ ድምፁ ምንም አይገባኝም ነበር።

መልስ፦ ቅጂውን በመጥቀስሽ አመሰግናለሁ፤ ከእስካሁኑ ሁሉ የመጀመሪያዋ ነሽ። ምስልና ታሪክ እንዴት እንደሚተሳሰሩ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ፊልም የተሻለ መማሪያ አላውቅም። ከተማው ያው፣ ዝናቡ ያው፣ ተዋንያኑ ያው ሆነው ታሪኩ ተለወጠ።

በ1982 ፊልሙ ዴንቨርና ዳላስ ውስጥ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ግራ ተጋባ። አምራቾቹ ፈሩና ዋናው ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ በምስሉ ላይ እንዲተርክ አደረጉ። መጨረሻውንም ለወጡት፤ አዳኙ ዴካርድና ሰው ሠራሿ ሬቼል በመኪና አረንጓዴ አገር አቋርጠው ይሄዳሉ። ከአየር ላይ የሚታየው የዚያ አገር ምስል ኩብሪክ ለሌላ ፊልም አስቀርጾት የተረፈ ነው። ትረካው ደግሞ ሬቼል እንደ ሌሎቹ ሰው ሠራሾች በ4 ዓመት የምትሞት አይደለችም ይለናል። ፊልሙ ሙሉ የተሸከመው ጭንቀት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተነነ።

በ1992ቱ ቅጂ ትረካው ወጣ፤ መኪናውም ቀረ። ፊልሙ የሚያልቀው የአሳንሰር በር ሲዘጋ ነው። የተጨመረው ዋና ነገር አንድ ምስል ነው፦ ዴካርድ ፒያኖው አጠገብ ተቀምጦ በሐሳቡ የሚያየው ባለ አንድ ቀንድ ነጭ ፈረስ። ጥቂት ሰከንድ ነው። ባልደረባው ጋፍ በመጨረሻ ደጁ ላይ ትቶለት የሚሄደው፣ ከብልጭልጭ ወረቀት የታጠፈ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ በ1982ቱም አለ። ያኔ ትርጉሙ «መጥቼ ነበር፤ ልጅቷን ግን ተውኋት» ከማለት አያልፍም። ሕልሙ ሲቀድመው ግን ያችው ወረቀት ሌላ ጥያቄ ትወልዳለች። ጋፍ የዚህን ሰው ሕልም ከየት አወቀው? ሬቼል ትዝታዋ የተተከለባት ከሆነ፣ የአዳኙስ? አንዲት የመቀስ ሥራ አዳኙን ከታዳኞቹ ጎን አቆመችው። «ኢፌክት ወይስ ታሪክ» ብላችሁ ስትከራከሩ ይህን አስቡ። የ2007ቱ ቅጂ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሙሉ ሥልጣን የነበረው ብቸኛው ነው፤ እሱን ፈልጉ።

ለአንቺ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ዴካርድ ከሚያድናቸው ሰው ሠራሾች አንዱ፣ ሮይ ባቲ፣ ጣሪያው ላይ የሚሞትበትን ትዕይንት ከ1982ቱና ከ2007ቱ አስተያይተሽ ተመለሺ።

አዲስ ገቢ፦ ኢፌክት የበዛበት ፊልም ታሪኩ ለምን ደካማ ይሆናል?

መልስ፦ የትኛው ፊልም? የትኛው ትዕይንት? ከላይ ጽፌአለሁ።

አዲስ ገቢ፦ በአጠቃላይ ማለቴ ነው።

መልስ፦ በአጠቃላይ የሚባል ፊልም የለም። ጁራሲክ ፓርክ 127 ደቂቃ ነው፤ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ግዙፉ አውሬ ከመምጣቱ በፊት ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውኃ ሲንቀጠቀጥ አይተሃል? ያን ያደረጉት ከሥሩ የጊታር ክር ወጥረው ነው። አሁን ትዕይንት ይዘህ ና።

ተረት ወዳድ፦ ታሪክ ቀላል መሆኑ ለምን እንደ ጥፋት ይቆጠራል? አያቶቻችን የነገሩን የጦጣና የአንበሳ ተረት ቀላል ነው፤ እስከ ዛሬ ግን አልረሳነውም።

መልስ፦ ትክክል ነሽ፤ ቀላልና ደካማ አንድ አይደሉም። የጆርጅ ሚለር የ2015ቱ ማድ ማክስ ታሪኩ በአንድ መንገድ ሄዶ በዚያው መንገድ መመለስ ነው። አዘጋጆቹ 3,500 ያህል ሥዕል አስቀድመው ስለው፣ አብዛኛውን ናሚቢያ በረሃ ላይ ቀረጹት፤ የቅንብሩን ጨምሮ 6 ኦስካር ወሰደ። የመኪናው ውጊያ ሁሉ ለአንዲት ሴት ውሳኔ ያገለግላል። ፉሪዮሳ የምትፈልገው አረንጓዴ ስፍራ እንደሌለ ታውቃለች፤ ከዚያ ወደ ሸሸችው ቦታ ለመመለስ ትወስናለች። በሁለተኛው ጉዞ በረሃው ያው ነው፣ መኪናው ያው ነው፤ ለእኛ ግን ሌላ መንገድ ሆኗል።

ከሐዋሳ፦ ገንዘብ የሌለው አገር እንዲህ ያለ ፊልም መሥራት ይችላል? እኛስ?

መልስ፦ በ2023 የወጣው የጃፓኑ ጎድዚላ ማይነስ ዋን 610 የኢፌክት ቀረጻዎች አሉት፤ የሠሩት 35 ባለሙያዎች ናቸው፤ የኢፌክቱን ኦስካርም ወሰዱ። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ደራሲውም የኢፌክቱ ኃላፊም ስለነበረ የማያስፈልግ ምስል ለምን ይጽፋል? አውሬው የሚመጣው ከሞት ሸሽቶ በሕይወት በመትረፉ የሚያፍር አብራሪ ባለበት ነው። ያ ሰው ከሌለ አውሬው ቤት ከማፍረስ በቀር ሥራ የለውም።

ስለ እኛ ከሆነ፣ የስፔኑ ሚጌል ያንሶ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራውን የ2015ቱን ክራምብስ ተመልከት። ዳንኤል ታደሰ ነው ዋናው ተዋናይ። ዓለም ካለፈ በኋላ አሮጌ መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ የኛ ዘመን የላስቲክ መጫወቻዎች እንደ ቅርስ ይከበራሉ። ሰማይ ላይ ያለው ያ ነገር ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ከሥሩ የሚኖሩት ሰዎች ግን ሕይወታቸውን ሙሉ ወደ እሱ ያያሉ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ሐሳብ ነበር።

አዲስ ገቢ፦ የድሮዎቹ ይሻላሉ ወይስ የአሁኖቹ?

መልስ፦ ትዕይንት ጥቀስ። ለሦስተኛ ጊዜ መጻፌ ነው።

ከሲያትል፦ አይቻቸው ተመለስሁ። በ1982ቱ ባቲ እንደሞተ ትረካው ለምን ዴካርድን እንዳዳነው ሊያስረዳ ይሞክራል። በ2007ቱ የሚተርክ ድምፅ የለም፤ የዴካርድን ፊት ልብ ብዬ ያየሁት ዛሬ ነው። ሌላም ነገር አገኘሁ። ባቲ የለቀቃት ርግብ በ1982ቱ የምትበረው ወደ ሰማያዊ ሰማይ ነው፤ ሌሊት ሆኖ፣ ዝናብ እየዘነበ! በ2007ቱ ሰማዩ ጨልሟል።

መልስ፦ አዎ፤ ስሕተቱ የታረመው ከ25 ዓመት በኋላ ነው። የትኛው ይሻላል ትያለሽ?

ከሲያትል፦ ትረካው ባይኖር ይሻላል፤ በዚያ አሸንፈውኛል። ሰማዩን ግን ሰማያዊ ይተዉልኝ። ያ ሰው ሲሞት አንድ ቦታ ላይ መንጋት አለበት።

መልስ፦ አልስማማም። ያ ከተማ ፊልሙ ሙሉ አልነጋለትም፤ ለባቲም የሚነጋለት አይመስለኝም። ነገ ማታ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ እንደገና አየዋለሁ።