ኮመዲኖ ከመሥራታችሁ በፊት መብራቱን አጥፉት

የእንጨት ሥራ የጀመራችሁ ልጆች እኔ ጋ ስትመጡ መጀመሪያ የምታወጡት ስልካችሁን ነው። ከፒንተረስት የወረደ፣ ከቲክቶክ የተቀዳ የኮመዲኖ ፎቶ ታሳዩኛላችሁ። «ጋሼ፣ ይቺን ብንሠራ ገበያ ታገኛለች?» ትላላችሁ። ታምራለች፣ አልክድም። ግን ፎቶው ላይ የተቀመጠው አንድ መጽሐፍና አንድ የአበባ ማስቀመጫ ነው። ጎንደር ውስጥ ራስጌው እንዲህ የጸዳለት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እስቲ የእኛን ሰው ራስጌ ልብ ብላችሁ እዩ። ስልክ ከነቻርጀሩ አለ። መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ፓወር ባንክ አለ። ባትሪ፣ ካልሆነም ሻማና ክብሪት አለ። መነጽር፣ የግፊት ወይም የስኳር ኪኒን፣ ቁልፍ፣ ዝርዝር ሳንቲም። እናቶች ጋ ደግሞ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም፣ ጠበልም በሁለት ሊትር ሃይላንድ። ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ አካባቢ የተከራየ ተማሪ ከሆነ ላፕቶፑም እዚያው ነው የሚያድረው። ይሄ ሁሉ ዛሬ ያለው ወይ በርጩማ ላይ ወይ መሬት ላይ ነው። የእናንተ ሥራ ለዚህ ኮተት ቦታ ማስያዝ ነው።

ስለዚህ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ደንበኛውን «ራስጌህን ሳታስተካክል ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» በሉት። ከዚያ ማታ በየቤታችሁ መብራቱን አጥፉና አልጋችሁ ላይ ጋደም በሉ። እጃችሁን ዘርጉ። ትከሻችሁን ሳታነሱ እጃችሁ የሚያርፍበት ቦታ፣ ኮመዲኖው መኖር ያለበት እዚያ ነው። ሰው ኮመዲኖን በዋናነት የሚጠቀመው በጨለማ፣ በእንቅልፍ ልቡ፣ እየዳበሰ ነው። ይሄን የረሳ ንድፍ ቀን ቢያምርም ሌሊት ብርጭቆ ይሰብራል።

ከፍታውን ከፎቶ አትቅዱ። አንድ ሰው አልጋው ላይ አስቀምጡና ከመሬት እስከ ፍራሹ ጫፍ ለኩ። ስፖንጅ ፍራሽ ሰው ሲቀመጥበት ይሰምጣል፤ ባዶውን ከለካችሁት ልኬቱ ያሳስታችኋል። የኮመዲኖው ገበታ፣ ማለትም ዕቃ የሚቀመጥበት የላይኛው ጣውላ፣ ከዚያ ልክ ጋር እኩል፣ ቢበዛ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። እኛ ከተማ ደግሞ ሻንጣ ከሥር ለማስገባት አልጋውን በብሎኬት የሚያነሳ ሰው ሞልቷል። ለእሱ ከሱቅ የተገዛ ኮመዲኖ ሁሉ አጭር ነው።

በገበታው ዙሪያ አንድ ሳንቲ ሜትር የምትሆን ጠርዝ አውጡለት። ስልክ ሲርገበገብ እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ ጠርዟ ትይዘዋለች። ሃይላንዱን አትርሱት። የሁለት ሊትሩ ቁመት ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ ክፍት ክፍሉን 35 አድርጉት። እናታችሁ ጠበሉን አጋድማ እንድታስቀምጥ አታስገድዷት።

ቻርጀር ላይ ብዙዎቻችሁ ትሳሳታላችሁ። ከኋላ ሽቦ ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ትበሱና ደንበኛው የሶኬቱ ራስ አልገባ ሲለው ጀርባውን በቢላ ይፈለፍለዋል። ስድስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ብሱ፤ ጫፉንም በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ ሽቦ እንዳይልጥ። ኤክስቴንሽኑን ከገበታው ሥር፣ ከኋላ በኩል፣ ጎኑን አዙራችሁ እሰሩት። ሶኬት ወደ ላይ አፉን ከፍቶ የውሃ ብርጭቆ አጠገብ እንዲቀመጥ አታድርጉ፤ 220 ቮልት ነው። ስልክና ፓወር ባንክ በተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ቻርጅ እንዲደረጉም አታመቻቹ። ሲሞሉ ይሞቃሉ፣ ሙቀት ደግሞ የባትሪያቸውን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ባትሪው የተበላሸ ከሆነ እሳትም አለው። ክፍት መደርደሪያ ላይ ይሁኑ። «ገመድ አልባ ቻርጀር ጣውላው ውስጥ ቅበርልኝ» የሚል ዘመናዊ ደንበኛ ከመጣ፣ ያ ዕቃ የሚያሳልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩት። ሁለት ሳንቲ ሜትር ጣውላ አልፎ አይሞላም።

አሁን ወደ እንጨቱ። ዋንዛ ካገኛችሁ የሚስተካከለው የለም፤ ለመላጊያ ይመቻል፣ ቶሎ አይጣመምም። ግን ከየት እንደተቆረጠ ጠይቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አልቀው ነው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ እርጥቡን ከሠራችሁት ግን ይሰነጠቃል። ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ለገበታና ለጎን ይሆናል፤ ጠርዙ ግን ሳይሸፈን አይውጣ። ውሃ ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ አይመለስም። ቤት በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ በሚወለወልበት አገር ደግሞ ኤምዲኤፍ መሬት መንካት የለበትም። ከእውነተኛ እንጨት 15 ሳንቲ ሜትር እግር ሥሩለት፤ መጥረጊያውም በሥሩ ያልፋል።

መሳቢያውን በበጋ ስትሠሩ ክረምትን አስቡ። ጣውላ እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፤ በርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለውም። በጥር ልክክ ብሎ የገባ መሳቢያ በነሐሴ ሁለት ሰው ጎትቶ አይከፍተውም። በላይ በኩል ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ትንፋሽ ተዉለት፤ የሚንሸራተትበትን ቦታ ሻማ ቀቡት። በብረት ሀዲድ ከሄዳችሁ ከግራም ከቀኝም 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ የመሳቢያውን ወርድ ከመቁረጣችሁ በፊት ሀዲዱን ግዙ። ኪኒን የሚቀመጥበት መሳቢያ ከሆነና ቤቱ ውስጥ ሕፃን ካለ ቁልፍ ግጠሙበት።

ዋጋ ላይ «ቅዳሜ ገበያ በግማሽ አገኛለሁ» የሚላችሁ አይጠፋም። አትጨቃጨቁ። የሠራችሁትን መሳቢያ ራሱ ከፍቶ ይዝጋው፣ ገበታውን በእጁ ይነቅንቀው። አቅሙ የማይችል ተማሪ ከሆነ ግን እንጨቱን አታሳንሱበት፤ መሳቢያውን ተዉትና በሁለት ክፍት መደርደሪያ ሥሩለት። ዋጋውን የሚያንረው የመሳቢያው ሥራ ነው፤ ገንዘብ ሲያገኝ ተመልሶ ያስገጥመዋል፣ ቦታውን ብቻ ከአሁኑ ለክታችሁ ተዉለት።