ዱባይን ያላየች አርክቴክት

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ጋሼ።

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። አርክቴክት ነኝ፤ ከተመረቅሁ አራት ዓመቴ። ቢሯችን ውስጥ «ዓለም ያየ» አንድ ልጅ አለ። ዱባይ ሄደ፣ ኢስታንቡል ሄደ፣ መጣ። ከዚያ ወዲህ የእኔ ሥራ ሁሉ የባላገር ሆነ። ስብሰባ ላይ አፌን ስከፍት አለቃችን «አንቺ ደግሞ ምን አይተሽ?» ይለኛል። ደንበኛውም ስልኩን አውጥቶ የዱባይ ፎቶ ያሳየኛል። «እንዲህ መስታወት በመስታወት አድርጊልኝ።» አደረግሁለት፤ ምን ላድርግ? አንዱ ባለሕንፃ በቀደም ደውሎ «ሦስተኛ ፎቅ ከምሳ በኋላ አያስቀምጥም» ብሎ ጮኸብኝ። መጋረጃ ቢሰቅል ይበቃው ነበር።

እኔ የት ሄጄ አውቃለሁ? ላሊበላን በተማሪነቴ፣ በአውቶቡስ። የእናቴን አገር ሾንኬን አንዴ፣ ለአያቴ ሰደቃ። ዳገቱን ወጥተን በፀሐይ ነደን ደረስን። ድንጋዩ ቤት እንደገባሁ እንቅልፍ ጣለኝ፤ ሲመሽ ነው የቀሰቀሱኝ። ይኼ መቼም ጉዞ አይባልም።

ወላሂ ሰልችቶኛል። በሰርጌ የተሰጠኝ ወርቅ አለ። ሸጬው ዱባይ ልሂድ? ወይስ መጀመሪያውኑ ለሙያው ዓይን የለኝ ይሆን?

መልስ

የኔ እናት፣ ወርቁን አስቀምጪው።

አያትሽ ቤት እንቅልፍ ለምን ጣለሽ? ደክሞኝ ነው እንዳትዪኝ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው እንጨትና አፈር ነው። የቀኑን ሐሩር ውጭ አስቀርቶት ይውላል። አንቺ ከዚያ ቤት ወጥተሽ ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይን በመስታወት ጋብዘሽ አስገባሽ! ሰውዬው እውነቱን ነው። «መጋረጃ ይስቀል» ማለትሽማ አናዶኛል።

ጉዞ ዓይን ይከፍታል፤ አልክድም። ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ በ1911 እ.ኤ.አ. ገና በ23 ዓመቱ ተነስቶ፣ በባልካን አድርጎ ኢስታንቡልና አቴንስ ደርሷል። ግን ደብተር ይዞ ነበር፤ ያየውን ይስል ነበር። የቢሯችሁ ልጅ ስንት ሥዕል ይዞ መጣ?

ላሊበላንስ እንዴት እንዲህ በአንድ ቃል አለፍሽው? ቤተ አማኑኤል ከአንድ አለት ነው የተፈለፈለው። አለት ማገር አያሻውም። ግድግዳው ላይ ግን እንጨትና ድንጋይ እየተደራረበ የሚሠራውን የአክሱምን ግድግዳ አስመስለው ጠርበውበታል። አክሱምን ያየ፣ ወይ ካየ ሰው የተማረ እጅ ነው። እኔም ልብ ያልኩት በሦስተኛ ጉዞዬ ነው፤ በፊት በፊት ፎቶ ስነሳ ነበር የምውለው።

ዓይንሽ ደግሞ ደህና ነው። ዓይን የሌላት ሴት ያንን እንቅልፍ አትጽፍልኝም። አብሽሪ።

መንገዱ ሰላም የሆነ ቅዳሜ ሾንኬ ውጪ። ሜትርና ደብተር ያዢ። የግድግዳውን ውፍረት ለኪ፤ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚገባ ሳዪ። አክስቶችሽ «ምን ነክቷት ነው ግድግዳ የምትለካው?» ብለው ቡናው እስኪፈላ ይስቁብሽ።

ሰኞ ለባለሕንፃው ደውዪለት። ከምሳ በኋላ ሦስተኛ ፎቁ ላይ ሄደሽ አንድ ሰዓት ተቀመጪ።