ወላጆችሽን ይዘሽ ብሪጅስቶን አሬና ከመግባትሽ በፊት

ጥያቄሽ ይህ ነበር፦ «ወላጆቼ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተዋል። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ የአሜሪካዎቹ የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኞች የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን አፍቃሪ ነው። ናሽቪል ድረስ መጥቶ ካንትሪ ሳያይ ቢመለስ ይቆጨኛል። ለኮንሰርት ብሪጅስቶን አሬና ልወስዳቸው ነው፤ 4 ነን፣ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። የት እንቀመጥ? ምን ይዘን እንሂድ?»

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጡልሽ። ከሁሉ በፊት ወንበሩን እንጨርስ፤ ምሽቱ ደስ የሚል ወይም የሚያንገላታ የሚሆነው በእሱ ነውና።

ብዙ ሰው «መድረኩ አጠገብ» ብሎ ገንዘቡን ወለሉ ላይ ያፈስሳል። ለእናንተ ግን ወለሉ የመጨረሻው ምርጫ ይሁን። ወንበሮቹ የሚታጠፉ ናቸው፣ እርስ በርስ ታስረው በአንድ ደልዳላ ሜዳ ላይ ይደረደራሉ። ዋናው ዘፋኝ ብቅ ሲል ፊት ያሉት ይነሳሉ፤ እነሱ ሲነሱ ከኋላ ያለው ወዶም ሆነ ተገዶ ይነሳል፤ ብዙዎቹም እስከ መጨረሻው አይቀመጡም። ፊታችሁ ባለ ካውቦይ ባርኔጣ ረጅም ሰው ከቆመ ደግሞ አባትሽ የሚያዩት ባርኔጣውን ብቻ ነው። ሌላም አለ፦ አሬናው የናሽቪል ፕሬዳተርስ የሆኪ ቡድን ቤት ነው። በሆኪ ወቅት፣ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል፣ ለኮንሰርት ተብሎ በረዶው አይቀልጥም። ቅዝቃዜ የሚከላከል ሰሌዳ ይነጠፍበትና ወንበሩ ከላይ ይደረደራል። ሰሌዳው ቢኖርም ብርዱ ቀስ እያለ ወደ እግር ይመጣል። ቀጭን ጫማ ያደረጉ እናት 3 ሰዓት አይችሉትም።

ከላይ ያለው የ300 ቁጥር ክፍል ርካሽ ነው፤ ለወጣት ምንም አይልም። ደረጃው ግን ገደል ነው የሚመስለው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው መውጣቱ ይከብዳል፣ በጨለማ መውረዱ ይብሳል። የምመክርሽ የ100 ቁጥር ክፍልን ነው፤ ከመድረኩ ጎን ተጠግቶ ሳይሆን ከአሬናው ወገብ ወደ ኋላ ያለውን፣ መድረኩን በሰያፍ የሚያሳየውን። በካርታው ላይ ከወለሉ ኋላ መሀል አካባቢ የድምፅ ባለሙያዎቹ የሚቆሙበት የማደባለቂያ ጠረጴዛ ይኖራል። ድምፁ የሚስተካከለው እዚያ ቆሞ በሚሰማ ጆሮ ስለሆነ ወደዚያ አቅጣጫ በቀረብሽ ቁጥር ግጥሙ ይጠራልሻል። መድረኩ ጎን ከሆንሽ ስፒከሮቹ ወደ ሌላ ዞረው ተሰቅለዋል፤ ባሱ ይደልቃል፣ ቃሉ አይሰማም። ረድፍ ስትመርጪም የመጀመሪያዎቹን 5 ወይም 6 ረድፎች ዝለያቸው፤ ወለል ላይ የቆመ ሰው ጭንቅላት ይጋርዳቸዋል።

ብዙ አሬናዎች ውስጥ የታችኛው ክፍል መግቢያ ከላይ በኩል ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ ረድፍ ማለት ብዙ ደረጃ መውረድ፣ ለሽንት ቤት ደግሞ ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ከመክፈልሽ በፊት ለቦክስ ኦፊስ (ለአሬናው ቲኬት ቢሮ) ደውለሽ «ከመግቢያው እስከዚህ ረድፍ ስንት ደረጃ አለ?» በያቸው፤ ይነግሩሻል። ከዚያም የሚሻለው ለእናትሽ ደረጃ የሌለበትን የአካል ጉዳተኞች ወንበር መጠየቅ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ መሆን ግድ አይደለም፤ ደረጃ መውጣት መቸገር ይበቃል። ለአንድ ዝግጅት ቲኬት ሲሸጡ የሐኪም ወረቀት አምጪ ማለት በሕግ አይፈቀድላቸውም። እስከ 3 አጃቢም ክፍት ወንበር እስካለ ድረስ በዚያው ረድፍ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ 4 ስለሆናችሁ ልክክ ይላል። ሰው የሚሳሳተው ተራ ቲኬት ገዝቶ በዕለቱ በር ላይ «እናቴ ደረጃ አትችልም» ሲል ነው። ያኔ ከተረፈ ነው የሚለውጡልሽ።

«ውስን እይታ» ወይም «የመድረክ ኋላ» የሚል ጽሑፍ ካየሽ ዋጋው አያታልልሽ። ከዚህ የሚለየው መድረኩ መሀል የሚቆምበት ኮንሰርት ነው። ጆርጅ ስትሬት እንዲህ በመሥራት ይታወቃል፤ አራቱንም ማዕዘን እየዞረ ስለሚዘፍን ኋላ የሚባል ወንበር የለም። ጋርዝ ብሩክስ ደግሞ የፊት ረድፎችን ሳይሸጥ ጣሪያ ሥር ለተቀመጡ ሰዎች በማደል ስሙ ይነሳል። ያ ግን ዕጣ ነው፣ ዕቅድ አይሆንም።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ። የዛሬ የአሬና ካንትሪ ከበሮውና ኤሌክትሪክ ጊታሩ ወደ ሮክ ያደላ ነው፤ እሳት ይተፋል፣ መብራቱ ዓይን ያጭበረብራል። አባትሽ በካሴት የሚያውቁት ረጋ ያለው ኬኒ ሮጀርስ በ2020 አርፏል፤ ያንን ድምፅ ጠብቀው ገብተው ግራ እንዳይጋቡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የምታዩትን ዘፋኝ ሥራም ቤት አስደምጪያቸው። ካልጣማቸው ግራንድ ኦል ኦፕሪን አስቢ። በ1925 የተጀመረ የሬዲዮ ዝግጅት ነው፤ ከ1974 ወዲህ 4,400 ያህል ሰው በሚይዘው በራሱ አዳራሽ ይቀርባል። በአንድ ምሽት ብዙ ዘፋኞች እየተፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ዘፈን ይጫወታሉ፣ አሮጌውም አዲሱም አለበት፣ ሕዝቡም በአብዛኛው ተቀምጦ ነው የሚያዳምጠው። መሀል ከተማ ያለው ራይማን ደግሞ በ1892 የተሠራ፣ መጀመሪያ የጸሎት ቤት የነበረ፣ 2,362 ሰው የሚይዝ ባለ እንጨት አግዳሚ አዳራሽ ነው። ከአሬናው በእግር ደቂቃዎች ስለሚበቁ ቀን አስጎብኝተሽ ማታ አሬና መግባት ትችያለሽ። እኔ ብሆን ለሰባ ዓመት ሰው ኦፕሪውን አስቀድማለሁ። ግን ሃያ ሺህ ገደማ ሰው በአንድ አፍ ሲዘፍን መስማትም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ምርጫው የእሳቸው ይሁን።

ቲኬቱን ስትገዢ ጎግል ላይ ከላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ አትጫኚ። የአሬናውን ስም የመሰለ አድራሻ ይዘው እጥፍ የሚያስከፍሉ መልሶ ሻጮች እዚያ ናቸው። በአሬናው ድረ ገጽ ገብተሽ እሱ ወደሚመራሽ ሻጭ ሂጂ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው ጥናት በቲኬት ላይ የሚጨመረው ክፍያ በአማካይ የዋጋውን 27 በመቶ ያህል ነበር። ከሜይ 2025 ጀምሮ ግን ሻጮች ጠቅላላ ዋጋውን ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ ዋጋው ዘሎ ካገኘሽው ሳትገዢ ተዪው። «ፕላቲነም» የሚባለው የተሻለ ወንበር አይደለም፤ ፈላጊ በበዛ ቁጥር ዋጋው የሚሰቀል ተራ ወንበር ነው። «ቪአይፒ»ም ብዙ ጊዜ ቦርሳና ፖስተር ነው፤ ከዘፋኙ ጋር ፎቶ ያስነሳል ብለሽ አታስቢ፣ ዝርዝሩን አንብቢ።

ወላጆችሽ የሚመለሱበት ቀን ስላለ ይህን ልብ በይ፦ ኮንሰርት ከተሰረዘ ገንዘብ ይመለሳል፤ ለሌላ ቀን ከተላለፈ ግን ቲኬቱ ለአዲሱ ቀን ያገለግላል ይሉሻል፤ ገንዘቡን ማግኘት የሚቻለው ከፈቀዱ ነው፣ ያም በተወሰነ ቀን ውስጥ። ሉክ ኮምብስ በ2022 ሜይን ግዛት ባንጎር ከተማ ድምፁ ሲዘጋበት የሁሉንም ገንዘብ መልሶ የቻለውን ያህል በነጻ ዘፍኗል፤ እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ስለዚህ ከመመለሻቸው ቀን ጋር የተጠጋ ኮንሰርት አትግዢ።

ቲኬቱ ስልክ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ባርኮዱ በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ስክሪንሹት በር ላይ አይሠራም። አራቱንም በአንቺ ስልክ ያዢ፣ ቤት ሳለሽ ወደ ስልኩ ዋሌት አስገቢው። ሺዎች በር ላይ ሲሰለፉ ኔትወርኩ ይሞታል። ስልኩ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ትንሽ ፓወርባንክም አትርሺ። አንዴ ከወጣችሁ መመለስ ስለማይቻል መኪና ውስጥ የተረሳ መድኃኒት ችግር ነው፤ ስሙ በተጻፈበት በራሱ ብልቃጥ ያዢው። የቦርሳ ሕግ እንደ ቦታው ይለያያል። ትልልቆቹ የአሜሪካ እግር ኳስ (ፉትቦል) ስታዲየሞች ከ12 በ6 በ12 ኢንች የማይበልጥ ገላጭ ቦርሳ ይፈቅዳሉ፤ አሬናዎች ብዙ ጊዜ ከዚህም ይጠብቃሉ፤ ስለዚህ በዋዜማው የአሬናውን ገጽ እዪ። የእናትሽ ትልቁ የቆዳ ቦርሳ ቤት ይቅር። ብዙዎቹ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፣ ካርድ ያዢ። አባትሽ ቢራ ካሰኛቸው ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፤ ሽበት እያዩም መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ፎቶ ኮፒ አያዋጣም።

ምግብ ከውጭ አይገባም። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና ወላጆችሽ ጾመኞች ከሆኑ ውስጥ የሚያገኙት ከድንች ጥብስ ብዙም አያልፍ። ፕሬትዝሉ ቅቤ ሊቀባ፣ ናቾው አይብ ሊፈስበት ይችላል፤ ፈንዲሻውንም ጠይቂ። ከቤት በልተው ይውጡ።

አሁን ወደ ጆሮ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ጤንነት ተቋም መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የአሬና ኮንሰርት 100 አካባቢ መድረሱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የጆሮ መሰኪያ ለአራታችሁም ግዢ። የስፖንጁ ርካሽ ነው፣ ግን ሰው አገባቡን አያውቅበትም፤ ጫፉን ብቻ ወትፎ «አይሠራም» ይላል። በጣትሽ እንደ ቀጭን ጧፍ አሹሪው፣ በሌላው እጅ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢ፣ አስገብተሽ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል በጣት ደግፊው። ስፖንጅ ግጥሙን ስለሚያፍን ለአባትሽ ለሙዚቃ የተሠራውን፣ ማጣሪያ ያለውን መሰኪያ ብትገዢላቸው ይሻላል።

ሰዓቱን ለወላጆችሽ በኛ አቆጣጠር ንገሪያቸው፤ ቲኬቱ ላይ 7፡30 ካለ ከምሽቱ 1፡30 ነው። በሩ ኮንሰርቱ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ አስቀድሞ ይከፈታል። መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት መክፈቻ ዘፋኞች ይቀርባሉ፤ ዋናው ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ወጥቶ ከ90 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። እናትሽ ከደከሙ ከመክፈቻዎቹ አንዱን ዝለሉ እንጂ በሩ ሲከፈት ገብታችሁ ለ5 ሰዓት ያህል አትቀመጡ። ሽንት ቤት በመክፈቻው ዘፋኝ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ሂዱ፤ መብራት ከበራ በኋላ የሴቶቹ ሰልፍ ኮሪደሩን ይሞላዋል።

መድረኩ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ተቀምጦ የሚጫወተውን ሰው አባትሽ እንዲፈልጉ ንገሪያቸው። ጠረጴዛ በሚመስል ባለ አንድ ወይም ሁለት አንገት መሣሪያ ላይ በእግር ፔዳል፣ በጉልበት ማንሻ፣ በእጅ ደግሞ የብረት ዘንግ ያንሸራትታል። ፔዳል ስቲል ይባላል፤ ያ የሚያለቅስ የካንትሪ ድምፅ ከእሱ ነው የሚወጣው። ትልቁ ስክሪን ብዙ ጊዜ አያሳየውም። ፊድሉን (ቫዮሊኑን) ከማሲንቆ ጋር ያመሳስሉት ይሆናል፤ ባለ አራት አውታር ቢሆንም አብሮ የሚያዜም ሲሆን እውነትም ይቀራረባል። ቀን ላይ ብሮድዌይ መንገድ ካሉት ሆንኪ ቶንክ ቤቶች (ካንትሪ የሚዘፈንባቸው መጠጥ ቤቶች) አንዱ ጎራ በሉ። መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው፣ ተጫዋቾቹ በጉርሻ ነው የሚኖሩት፤ አዝማሪ ቤት ለለመደ ሰው ደንቡ አይከብደውም፣ ብሩ ግንባር ላይ ሳይሆን ባልዲ ውስጥ ከመግባቱ በቀር።

መኪና ከያዝሽ ፓርኪንጉን ቀድመሽ በስልክ ያዢ፤ በኮንሰርት ምሽት መሀል ከተማ ዋጋው ይሰቀላል። ከአሬናው ሥር ያለ ጋራዥ ለመግባት ይመቻል፣ ለመውጣት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ ረጅም ጊዜ ትቆሚያለሽ። ወላጆችሽን በር ላይ አውርደሽ ራቅ ብለሽ አቁሚ። ኡበር ከሆነ ደግሞ በሩ ላይ ቆመሽ አትጥሪ፤ ፖሊስ ብሮድዌይን ሊዘጋው ስለሚችል ሾፌሩ አይደርስሽም፣ ዋጋውም ጣሪያ ላይ ነው። ጥቂት ብሎክ ወደ ደቡብ ተራመዱና ሆቴል በር ላይ ጥሪ፤ እናትሽ ሎቢው ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ሾፌሩም አበሻ ሊሆን ይችላል። መራመድ ካቃታቸው ዘፋኙ ተሰናብቶ ተመልሶ የሚዘፍነውን መጨረሻ ሳትጠብቁ ከአንድ ዘፈን በፊት ተነሱ፤ ሊፍቱ ያኔ ባዶ ነው።