የአንባቢያን ጥያቄ፦ ማንዙኪችን ክለቦች ለምን ቶሎ ቶሎ ይሸጡት ነበር?

ስለ ክሮኤሺያዊው አጥቂ ማሪዮ ማንዙኪች ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ጥቂቱን መልሰናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማንዙኪች ከየት ተነስቶ የት የት ተጫወተ? በቅደም ተከተል ብትነግሩን።

መልስ፦ በ1986 በስላቮንስኪ ብሮድ ተወለደ። በክሮኤሺያ ጦርነት ጊዜ ቤተሰቡ ጀርመን ስለነበር ኳስን በክለብ ደረጃ የጀመረው ሽቱትጋርት አጠገብ ባለው የዲትዚንገን የታዳጊዎች ቡድን ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ በማርሶኒያና በኤንኬ ዛግሬብ ተጫወተ። በ2007 ዳይናሞ ዛግሬብ ወደ አርሰናል በሄደው ኤድዋርዶ ምትክ ወሰደው፤ በ2008/09ም በ16 ጎል የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። ከዚያ ቮልፍስቡርግ (2010)፣ ባየርን ሙኒክ (2012)፣ አትሌቲኮ ማድሪድ (2014)፣ ጁቬንቱስ (2015)፣ የኳታሩ አል ዱሀይል (2020) እና ኤሲ ሚላን (2021)። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጫማውን ሰቀለ። ለብሔራዊ ቡድኑ 89 ጊዜ ተሰልፎ 33 ጎል አስቆጥሯል፤ ከብሔራዊ ቡድኑ ሲሰናበት ከእሱ በላይ የነበረው ባለ 45 ጎሉ ዳቮር ሹከር ብቻ ነበር።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ባየርንም አትሌቲኮም ለምን ቶሎ ሸጡት? ጸባዩ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ጸባዩ ለስላሳ ነው ብለን አንከራከርም። ዝውውሮቹን አንድ በአንድ ስናይ ግን ምክንያቱ ከጸባይ ይልቅ የጨዋታ ስልት ሆኖ እናገኘዋለን። ማንዙኪች ምን ዓይነት አጥቂ እንደነበር መጀመሪያ እንይ። ተከላካይን በጀርባው ይዞ ኳስ ያቆያል፤ ኳስ ሲነጠቅ የመጀመሪያው ተከላካይ እሱ ነው፤ ጎሉን የሚያገኘው ከተሻማ ኳስ ነው። በራሱ ተከላካይ አታልሎ የሚያልፍ ተጫዋች አልነበረም። ስለዚህ ዋጋው የሚወጣው ወይም የሚወርደው በዙሪያው ባለው ቡድን ነው።

በቮልፍስቡርግ የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት በአጥቂው ኤዲን ጄኮ ጥላ ሥር አሳለፈ። በጃንዋሪ 2011 ጄኮ ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲሄድ ቦታው ተከፈተለት፤ በወቅቱ መጨረሻ ያገባቸው ጎሎችም ቡድኑን ከመውረድ ካተረፉት ነገሮች አንዱ ነበሩ። በባየርን ማሪዮ ጎሜዝ ሲጎዳ ቦታውን ያዘና በአሠልጣኝ ዩፕ ሄይንከስ ዘመን አላስነካም። በ2013 በዌምብሌይ በተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ዶርትሙንድ ላይ የመጀመሪያውን ጎል ያስቆጠረው እሱ ነው። ያ ቡድን ከክንፍ ብዙ ያሻማ ነበር፤ ከፊትም ኳስ በተነጠቀበት ቅጽበት ይጫናል። ለእሱ የተሰፋ ልብስ ነበር ማለት ይቻላል።

ጓርዲዮላ ሲመጣ ሁኔታው ተለወጠ። አሠልጣኙ አጥቂው ወደ መሃል ወርዶ በአጭር ቅብብል እንዲገባ ይፈልጋል። ማንዙኪች በ2013/14 ቡንደስሊጋ 18 ጎል አግብቶ እንኳ፣ አጥቂው ሌቫንዶቭስኪ ከዶርትሙንድ እንደሚመጣ በጃንዋሪ 2014 ከታወቀ በኋላ ቀኑ የተቆጠረ ሆነ። ለጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ በቡድኑ ውስጥ እንኳ አልተካተተም።

አትሌቲኮ የወሰደው ወደ ቼልሲ በሄደው ዲዬጎ ኮስታ ምትክ ነው። 20 ጎል አገባ፤ ለአንድ ዓመት የሚናቅ ቁጥር አይደለም። ችግሩ ኮስታ ከተከላካይ ጀርባ ወደ ባዶ ሜዳ የሚሮጥ፣ ማንዙኪች ደግሞ ኳስ ወደ እግሩና ወደ ግንባሩ የሚጠብቅ መሆኑ ነው። የአሠልጣኝ ሲሞኔ ቡድን ኳስ ነጥቆ በፍጥነት ሲወጣ ከፊት የሚሮጥ ሰው ያጣ ነበር። በእኛ እምነት ዝውውሩ ሲፈረም ጀምሮ የተሳሳተ ነበር፤ ጥፋቱም የተጫዋቹ አልነበረም።

ጁቬንቱስ አራት ዓመት ተኩል ያቆየው አሠልጣኙ አሌግሪ ሌላ መፍትሔ ስላገኘ ነው። በ2016 ክለቡ አጥቂውን ሂጉዌንን በ90 ሚሊዮን ዩሮ ሲገዛ ሁሉም ማንዙኪች ተጠባባቂ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። በጃንዋሪ 2017 ላትሲዮ ላይ ግን አሌግሪ በ4-2-3-1 አሰላለፍ ግራ ክንፍ ላይ አሰለፈው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የቀኝ መስመር ተከላካዮች አብዛኛውን ጊዜ አጫጭር ናቸው። የመሃል ተከላካዩ ቦኑቺ ከኋላ ረጅም ሰያፍ ኳስ ወደ ግራ ሲልክ 1 ሜትር ከ90 የሆነው ሰው ከመሃል ተከላካይ ጋር መታገሉ ቀርቶ ከመስመር ተከላካይ ጋር ይዘላል። የግራ መስመር ተከላካዩ አሌክስ ሳንድሮ ወደፊት ሲሄድ ደግሞ ክፍተቱን የሚሸፍነው እሱ ነው። የሕይወቱ ምርጥ ጊዜ ይህ ይመስለናል፣ ጎሉ ቢቀንስም። በ2019 አሠልጣኝ ሳሪ ሲመጣ አንድም ይፋዊ ጨዋታ ሳያደርግ ቆይቶ ወደ ኳታር ሄደ።

ጥያቄ፦ የወጣቶች ቡድን አሠልጣኝ ነኝ። ረጅም አጥቂ አለኝ፤ ግን ከተሻማ ኳስ ጎል አያገባም። ማንዙኪች በሁለተኛው ቋሚ በኩል እንዴት እንደሚገባ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ ኤፕሪል 2018 ጁቬንቱስ በቤርናቤው ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 ያሸነፈበትን ጨዋታ ከልጅዎ ጋር ይመልከቱት። ማንዙኪች በ2ኛውና በ37ኛው ደቂቃ ያገባቸው ሁለቱም በቴስታ ናቸው፤ ሁለቱም ከቀኝ ተሻምተው በሁለተኛው ቋሚ፣ ማለትም ከአሻሚው በሚርቀው የጎል ምሰሶ በኩል ገቡ፤ ሁለቱም ጊዜ አጠገቡ የነበረው በቁመት በጣም የሚያንሰው የማድሪድ የቀኝ መስመር ተከላካይ ካርቫሃል ነው። ሁለቱንም መሃል ተከላካዮች ትቶ የሚታገለውን ሰው የመረጠው ራሱ ነው።

ለልምምድ እንዲህ ያድርጉት። አጥቂው ከመስመር ተከላካዩ ጀርባ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ወደ ውጭ ይቁም። ተከላካዩ ኳሱንና እሱን በአንድ ጊዜ ማየት እንዳይችል ነው። የሚያሻማው ተጫዋች አንገቱን ወደ ኳሱ ሲደፋ ሩጫ ይጀመር፤ ከዚያ በፊት ከጀመረ ቀድሞ ደርሶ ቆሞ ይጠብቃል፤ ቆሞ የሚዘልን ረጅም ልጅ ደግሞ ሮጦ የሚዘል አጭር ልጅ ይበልጠዋል። የብዙ ረጃጅም አጥቂዎች ችግር ይኸው ነው፤ ቁመታቸውን ተማምነው ጎል ክልል ውስጥ ይቆማሉ።

ዝላዩ በአንድ እግር ይሁን። ኳሱን ከፊቱ እንጂ ከአናቱ በላይ አይጠብቀው። ግጭቱ በግንባር ሆኖ ወደ መጣበት አቅጣጫና ወደ መሬት ይመለስ፤ በረኛው ወደ ሁለተኛው ቋሚ እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ መመለስ ይቸገራል። ክርኑ ከትከሻው በላይ ከወጣ ዳኛው ፋውል ሊነፋ ይችላል፤ ክንዱን ለሚዛን ይዘርጋ እንጂ አይሰንዝር። በአንድ ልምምድ ጥቂት ኳስ ይበቃል፤ ለታዳጊ ልጅ ከዚያም ያንሱለት፣ ቀሪውን ሩጫውን ብቻ ያለማምዱት። ጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ምት አይመከርም።

አንድ ነገር እንጨምር፦ አሻሚ ከሌለዎት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ኳሱ ከመሃል ተከላካዮቹ አናት አልፎ መውረድ አለበት። ዝቅ ብሎ የሚመጣ ኳስ የመጀመሪያው ተከላካይ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በ2018 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በራሱ መረብ ያገባው እንዴት ነው? አጥቂ እዚያ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ቅጣት ምት ሲመታ ረጃጅም አጥቂዎች ወደ ኋላ ተመልሰው ይከላከላሉ፤ በሁሉም ቡድን የተለመደ ነው። በ18ኛው ደቂቃ ፈረንሳዊው ግሪዝማን በግራ እግሩ የመታው ኳስ ወደ ጎሉ እየታጠፈ መጣ። እንዲህ ያለውን ኳስ ተከላካይ በሙሉ ግንባሩ ካልመታው በስተቀር በስሱ መንካት ከመተው የከፋ ነው፤ ፍጥነቱ ሳይቀንስ አቅጣጫው ብቻ ይቀየራልና በረኛው ጊዜ አያገኝም። ማንዙኪች ኳሱን በአናቱ ነክቶ የራሱን በረኛ ሱባሺችን አሳለፈው። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተመዘገበ የመጀመሪያው በራስ መረብ የገባ ጎል ነው። በ69ኛው ደቂቃ ደግሞ የፈረንሳዩ በረኛ ሎሪስ ኳስ ሲያዘገይ ተጭኖ አገባበት፤ ፈረንሳይ ግን 4 ለ 2 አሸነፈች።

ከዚያ በፊት በግማሽ ፍጻሜው እንግሊዝ ላይ በ109ኛው ደቂቃ ያገባው ጎል ነው ክሮኤሺያን ለፍጻሜ ያበቃት። የቡድን ጓደኛው ፔሪሺች ኳሱን በግንባር ወደፊት ሲልክ የእንግሊዙ ተከላካይ ስቶንስ ለቅጽበት ቆመ፤ ማንዙኪች ከጀርባው ወጥቶ በግራ እግሩ መታው።

ጥያቄ፦ በካርዲፍ ያገባው የመቀስ ምት ዕድል ነው ወይስ ችሎታ?

መልስ፦ ሁለቱም። የ2017 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ጁቬንቱስ ከሪያል ማድሪድ፣ 27ኛ ደቂቃ። ቦኑቺ በረጅሙ ላከ፣ አሌክስ ሳንድሮ ሳያስወርድ አቀበለ፣ ሂጉዌን በደረቱ አውርዶ ሰጠ፣ ማንዙኪች በደረቱ ተቀብሎ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ በረኛውን ናቫስን አሳለፈው። ኳሱ ከቦኑቺ እግር ከተነሳ ጀምሮ መሬት አልነካም። ኳሱ ታጥፎ ወደ ጎሉ መውረዱ ዕድል ነው ካላችሁ አንከራከርም፤ ደረቱ ላይ ኳሱን ሽቅብ ያነሳበት መንገድ ግን ተለምዶ የሚመጣ ነገር ነው። ሪያል ማድሪድ ያን ጨዋታ 4 ለ 1 ስላሸነፈ ጎሉ ተረሳ እንዳይባል፣ ዩኤፋ የዓመቱ ምርጥ ጎል ብሎታል።

ጥያቄ፦ መጫወት ካቆመ በኋላ ቀይ ካርድ አየ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የክሮኤሺያ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የዳሊች ረዳት ነበር። በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ለአርጀንቲና ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ተቃወመ፤ ዳኛው አስወጣው።